ክፍት ንድፍን ወስዶ የራስን ቦርድ መሥራት



እንደሚታወቀው ዛሬ ኮምፒዩተር ማለት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው ዕቃ ብቻ አይደለም። በልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በመኪና ሞተር፣ በዲጂታል የደም ግፊት መለኪያ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ተሸሽጎ ይገኛል። ይህ ኮምፒዩተር ደብዳቤ አይጽፍም፣ ፊልም አያሳይም፤ የተመደበለትን አንድ ሥራ ብቻ ሌት ተቀን ይሠራል። ቺፑና ሌሎቹ ክፍሎች የሚበየዱበት፣ የመዳብ መስመር የተነጠፈበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ቦርድ ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ሌሎች ሠርተው ንድፉን ለሁሉም ከለቀቁት ቦርድ ተነስተን ለራሳችን ሥራ የሚስማማ ሌላ ቦርድ እንዴት መሥራት እንደምንችል ማስረዳት ነው። «ይኸ የኢንጂነር ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የኦምን ሕግ የሚያውቅና አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ለመጠየቅ የማይሰለች ሰው ሊከተለው ይችላል። ጥያቄውም «ይህ ክፍል እዚህ ለምን ገባ?» የሚል ነው። ንድፍ መቅዳት ቀላል ነው። ከንድፉ ጋር ምክንያቱን ያልወሰደ ሰው ግን የወሰደው ሥዕል ብቻ ነው።

1. ክፍት ንድፍ ምንድን ነው?

አብዛኛው የፋብሪካ ዕቃ ንድፉ የተዘጋ ነው። ሲበላሽ የውስጡን አሠራር የሚያሳይ ሥዕል ስለማይገኝ ጠጋኙ በግምት ይሠራል፤ ካልሆነለትም ዕቃው ስቶር ገብቶ አቧራ ይለብሳል። ክፍት ንድፍ የሚባለው ግን የሰርኪዩቱ ሥዕል፣ የመዳብ መስመሮቹ አቀማመጥና የክፍሎቹ ዝርዝር በይፋ የተለቀቀ ሲሆን ነው። ማንም ሰው ሊያጠናው፣ ሊለውጠው፣ ሊሠራው፣ ሠርቶም ሊሸጠው ይችላል።

በዚህ ረገድ በጣም የታወቀው ምሳሌ አርዱዊኖ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢጣሊያ፣ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ በነበረ አንድ የንድፍ ትምህርት ተቋም ማሲሞ ባንዚ የተባለ መምህርና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ ተማሪዎች የሚሆን ርካሽ ቦርድ ለማቅረብ ብለው ጀመሩት። ስሙን ያገኘው በከተማው ከነበረ መጠጥ ቤት ሲሆን፣ መጠጥ ቤቱ ደግሞ በ1002 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ በነገሠው በአርዱዊን ስም የተጠራ ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። አርዱዊኖም ቢሆን ከባዶ አልተነሳም። በ2003 እ.ኤ.አ. ኤርናንዶ ባራጋን የተባለ ኮሎምቢያዊ ተማሪ በዚያው ተቋም «ዋይሪንግ» የተባለ ሥራ ጀምሮ ነበርና መሠረቱ ያ ነው። እንግዲህ ከሌላው ሥራ ተነስቶ የራስን መሥራት አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። እዚህ ግን ወርቁ የተሰጠው በደንብ ነው። የአርዱዊኖ የንድፍ ፋይሎች የተለቀቁት ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ ሲሆን፣ ፈቃዱ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ንድፉን ከማን እንደወሰድክ መጻፍ አለብህ። ሁለተኛ፣ ለውጠህ ለሌላ ስታስተላልፈው አንተም በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለብህ፤ ከፍተው የሰጡህን ዘግተህ መያዝ አይቻልም። ከዚህ በተጨማሪ ንድፉ ተሰጠ እንጂ ስሙ አልተሰጠም። አርዱዊኖ የንግድ ምልክት ስለሆነ በራስህ ቦርድ ላይ ልትጽፈው አትችልም። ለቦርድህ የራስህን ስም አውጣለት።

2. ምሳሌያችን፦ የትምህርት ቤት ደወል

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ደወል ማለት ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ዘበኛው ሰዓታቸውን አይተው በብረት ይመቱታል። ሰዓታቸው ወደ ኋላ ሲቀር ወይም እሳቸው ታመው ሲቀሩ የክፍለ ጊዜው ሥርዓት ሁሉ ይፋለሳል። እንግዲህ በየ40 ደቂቃው ራሱ የሚደውል ቦርድ መሥራት ፈለግን እንበል።

መነሻችን አርዱዊኖ ኡኖ፣ ሦስተኛው እትም ይሁን። ኡኖ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ዋናው ቺፕ ኤቲሜጋ328ፒ ይባላል። ፕሮግራም የሚቀመጥበት 32 ኪሎባይትና ሲሠራ የሚጠቀምበት 2 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ አለው። ትንሽ ነው፤ ለደወል ግን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

የመጀመሪያው ሥራ ቦርድ መንደፍ አይደለም። ኡኖውን እንዳለ ገዝቶ ወይም ተውሶ፣ ክፍሎቹን ያለብየዳ በሚሰኩበት ሰሌዳ ላይ ሰርኪዩቱን ሠርቶ፣ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ማስደወል ያስፈልጋል። «ከሠራ ታዲያ ለምን ሌላ ቦርድ ይሠራል?» ቢባል፣ የተሰኩ ሽቦዎች ይላላሉ፣ ተማሪም ይነካካቸዋል፤ ኡኖው ላይም ለደወል የማይፈለግ ብዙ ነገር አለ። ለአሥር ትምህርት ቤት አሥር ደወል ለመሥራት ሲታሰብ ደግሞ ልዩነቱ በዋጋም በጥንካሬም ጎልቶ ይታያል።

3. የሚቆይ፣ የሚወጣ፣ የሚገባ

የኡኖን የሰርኪዩት ሥዕል ዘርግተን እያንዳንዱን ክፍል «ለምን ገባህ?» እያልን እንጠይቅ። መልሱ በሦስት ይከፈላል።

ሀ. የሚቆዩ ክፍሎች

በቺፑ የኤሌክትሪክ መግቢያ እግሮች ላይ፣ ማለትም በ7ኛውና በ20ኛው እግር አጠገብ፣ 100 ናኖፋራድ የሆኑ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ለጀማሪ ሰው ትርፍ ይመስላሉ። ጥቅማቸው ግን ይህ ነው፦ ቺፑ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው በእኩል ሳይሆን በቅጽበት፣ ጉልፍ ጉልፍ እያደረገ ነው። ከምንጩ እስኪደርስለት ድረስ መስመሩ ረጅም ስለሆነ ቮልቱ ለአፍታ ይወርዳል። ውሃ ከወንዝ የምታስቀዳ እናት በጓዳዋ እንስራ እንደምታኖር ሁሉ ካፓሲተሩም ከቺፑ ጎን የተቀመጠ እንስራ ነው። ስለዚህ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ቅርብ መሆን አለበት። በሥዕሉ ላይ አለ ብሎ ከቦርዱ ጥግ የወሰደው ሰው እንስራውን ወንዝ ዳር እንዳስቀመጠ ይቆጠራል። 20ኛው እግርም ቢሆን የአናሎግ መለኪያውን ባንጠቀም እንኳ ከ5 ቮልቱ ጋር መገናኘት አለበት።

1ኛው እግር ቺፑን እንደ አዲስ የሚያስነሳ ነው። በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ከ5 ቮልት ጋር ተያይዟል። ቺፑ በውስጡ የራሱ ደካማ ሬዚስተር አለው፤ ሆኖም በአጠገቡ ሞተር ወይም ሪሌይ ሲነሳ የሚፈጠረው ረብሻ ቺፑን ሊያስነሳው ስለሚችል የውጪው ሬዚስተር ይቆያል።

16 ሜጋኸርዝ የሚመታው የንዝረት ክፍልም ይቆያል። ለምን ቢባል፣ ከኡኖ ላይ ነቅለን የምናመጣው ቺፕ «ምትህን ከውጪ ተቀበል» ተብሎ በውስጡ ተስተካክሏል። ያለዚያ ክፍል በራሳችን ቦርድ ላይ ብንሰካው ዝም ይላል። ቺፑ ተቃጠለ ብሎ የሚጥለው ሰው አይጠፋም፤ የተቃጠለ ነገር ግን የለም። ክሪስታል የምንጠቀም ከሆነ በ9ኛውና በ10ኛው እግር ላይ አድርገን ከእያንዳንዱ እግር ወደ መሬት መስመር 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር እናስገባለን።

ለ. የሚወጡ ክፍሎች

ኡኖ ላይ ከዋናው ቺፕ ሌላ ሁለተኛ ቺፕ አለ። ሥራው የኮምፒዩተሩን የዩኤስቢ ገመድ ከዋናው ቺፕ ጋር ማነጋገር ነው። ደወል አንዴ ፕሮግራሙ ከገባለት በኋላ በየቀኑ ከኮምፒዩተር ጋር አይነጋገርም፤ ስለዚህ ይወጣል። ነገር ግን አንድን ክፍል ስናወጣ ሥራውን ማን እንደሚተካው መናገር አለብን። ለዚህም ባለ 6 እግር የፕሮግራም ማስገቢያ መሰኪያ እንተዋለን። አለዚያ ነገ የክፍለ ጊዜው ሰዓት ሲለወጥ ቺፑን መንቀል ግድ ይሆናል።

የቮልት መቆጣጠሪያውስ? ኡኖ ላይ የገባው በክቡ መሰኪያ ከ7 እስከ 12 ቮልት እንዲቀበል ስለተፈለገ ነው። 12 ቮልት ሰጥተን 100 ሚሊአምፔር ብንወስድ 7 ቮልት በ0.1 አምፔር ሲባዛ 0.7 ዋት ሙቀት ሆኖ በከንቱ ይጠፋል። እኛ የ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ለመጠቀም ከወሰንን መቆጣጠሪያው ይወጣል። ሆኖም ቺፑ ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው 6 ቮልት ስለሆነ፣ የ12 ቮልት አዳፕተር የማይገባበትን ዓይነት መሰኪያ መምረጥ አለብን። አንዱን ማውጣት ሌላውን እንድናስብ ያስገድደናል ማለት ነው።

ሐ. የሚገቡ ክፍሎች

ከሁሉ ዋናው እዚህ ላይ ነው። ኡኖ ላይ ለዋናው ቺፕ ምት የሚሰጠው ክሪስታል ሳይሆን ከሴራሚክ የተሠራ ሬዞኔተር ነው። ስህተቱ እስከ 0.5 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ትንሽ ይመስላል? እናስላው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። 86,400 በ0.005 ሲባዛ 432 ሰከንድ፣ ማለትም 7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአምስት ቀን 36 ደቂቃ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ሊሞላ 4 ደቂቃ ብቻ ቀረው! ከዘበኛው ቸርኬ የባሰ ደወል ሠራን ማለት ነው።

ይህ የኢቭሬያዎቹ ጥፋት ነው እንዴ? አይደለም። መብራት ለማብራትና ለማጥፋት ወይም ሙቀት ለመለካት 0.5 በመቶ ማንንም አይጎዳም፤ ሬዞኔተሩ ደግሞ ትንሽና ርካሽ ነው። ንድፍ ትክክል የሚሆነው ለተነደፈለት ሥራ ነው። ሥራው ሲለወጥ ትክክለኛው ነገር ስህተት ሊሆን ይችላል። ዓይኑን ጨፍኖ የቀዳ ሰው ይህን የሚያውቀው ተማሪ ያለ ሰዓቱ ሲወጣ ነው።

ሌላም ችግር አለ። መብራት ሲጠፋ ቺፑ የቆጠረውን ሰዓት ይረሳል። ስለዚህ የራሱ ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕ ማስገባት ግድ ነው። ዲኤስ3231 የሚባለው በውስጡ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚመታ ክሪስታል አለው። ይህ ቁጥር እንዲያው የተመረጠ አይደለም፤ 2 በ15 ጊዜ ራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ለሁለት እያካፈሉ 15 ጊዜ ቢሄዱ በትክክል 1 ሰከንድ ይገኛል። ቺፑ የሙቀቱን ለውጥ እየለካ ራሱን ስለሚያስተካክል ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስህተቱ ከሚሊዮን 2 አይበልጥም። በዓመት ቢሰላ 63 ሰከንድ ያህል ነው። መብራት ሲጠፋ ሲአር2032 የምትባለዋ ጠፍጣፋ የ3 ቮልት ባትሪ ሰዓቱን ታስቀጥላለች።

የሰዓቱ ቺፕ ከዋናው ጋር የሚነጋገረው በሁለት ሽቦ ነው። ሁለቱም ቺፖች ሽቦውን ወደ ዜሮ መሳብ ይችላሉ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችሉም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሽቦ በ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ከ5 ቮልት ጋር ይያያዛል።

የመጨረሻው ደወሉን የሚያበራው ሪሌይ ነው። በሰፊው የሚገኘው የ5 ቮልት ሪሌይ የጥቅልል ተቃውሞው 70 ኦም ያህል ነው። በኦም ሕግ 5 ሲካፈል ለ70፣ 71 ሚሊአምፔር ይሆናል። የቺፑ አንድ እግር ግን ቢበዛ ቢበዛ 40 ሚሊአምፔር ነው የሚችለው፤ በሰላም እንዲኖር 20 ባይበልጥ ይመረጣል። በመሆኑም በመካከል ትራንዚስተር ይገባል፤ የትራንዚስተሩ ቤዝ በ1 ኪሎኦም በኩል 4 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ከቺፑ ይወስዳል። ሪሌዩ ሲጠፋ ጥቅልሉ ወደ ኋላ የሚመልሰው ከፍተኛ ቮልት ትራንዚስተሩን እንዳይገድለው ደግሞ በጥቅልሉ ላይ ዳዮድ በግልባጭ ይደረጋል። ማስጠንቀቂያ፦ ደወሉ በ12 ቮልት የሚሠራ ይሁን። የ220 ቮልት መስመር ወደዚህ ቦርድ እንዳይመጣ። የግድ ካስፈለገ ሥራው የባለሙያ ኤሌክትሪሽያን እንጂ የተማሪ አይደለም።

4. ከሥዕል ወደ ቦርድ

የወሰንነውን ሁሉ በንጹሕ የሰርኪዩት ሥዕል እናወርዳለን። ለዚህ ኪካድ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ዣን-ፒየር ሻራስ የተባለ መምህር ጀምሮት በኋላ ብዙዎች አሳድገውታል። ከዚያ ቀጥሎ ክፍሎቹን በቦርዱ ላይ መደርደር ነው። ቅደም ተከተሉ፦

ሀ) አስቀድሞ ቦታቸው የማይለወጠውን፣ ማለትም መሰኪያዎችንና የብሎን ቀዳዳዎችን ማስቀመጥ፤
ለ) ቀጥሎ ቺፑን፣ ከጎኑም ካፓሲተሮቹንና ክሪስታሉን ማስጠጋት፤
ሐ) ሪሌዩን ከክሪስታሉና ከሰዓቱ ቺፕ አርቆ በሌላው ጫፍ ማድረግ፤
መ) የተረፈውን ባዶ ቦታ በሙሉ በመዳብ ሞልቶ የመሬት መስመር ማድረግ፤
ሠ) በፕሮግራሙ ማረሚያ የተነካኩ ወይም ያልተገናኙ መስመሮች መኖራቸውን ማየት።

ወደ ፋብሪካ ከመላክ ወይም በቤት ውስጥ መዳቡን በአሲድ ከማጠብ በፊት አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ አለ። ቦርዱን በልኩ በወረቀት አትሞ እውነተኛዎቹን ክፍሎች ወረቀቱ ላይ ማስቀመጥ ነው። እግሩ ከቀዳዳው የማይገጥም፣ ከጎረቤቱ የሚጋጭ ሁሉ በዓይን ይታያል። ወረቀት ላይ የታየ ስህተት በላጲስ ይጠፋል፤ መዳብ ላይ የታየ ግን ሌላ ቦርድ ያሠራል።

ቦርዱ ተበይዶ ሲያልቅም ቺፑን ቸኩሎ መሰካት አይገባም። መጀመሪያ በ5 ቮልቱና በመሬት መስመሩ መካከል በሜትር ለክቶ ሾርት አለመሆኑን ማረጋገጥ፤ ከዚያ ቻርጀሩን ሰክቶ በ7ኛው እግር ቀዳዳ 5 ቮልት መድረሱን ማየት፤ በመጨረሻም ቻርጀሩን ነቅሎ ቺፑን መሰካት።

5. ቦርዱ ሲተልቅ

ይኸው ዘዴ ሊኑክስን ለሚያሠሩ ትላልቅ ቦርዶችም ይሠራል፤ ጥንቃቄው ግን ይጨምራል። ለምሳሌ ያህል በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣውን ቢግልቦን ብላክን እንውሰድ። ንድፉ ክፍት ነው። ፕሮሰሰሩ 1 ጊጋኸርዝ፣ ማህደረ ትውስታው 512 ሜጋባይት፣ ቦርዱም 6 የመዳብ ንጣፍ አለው። በፕሮሰሰሩና በማህደረ ትውስታው መካከል ባለው በእያንዳንዱ የመረጃ መስመር ላይ በሰከንድ 800 ሚሊዮን ምልክት ያልፋል፤ ለአንዱ ምልክት የሚደርሰው 1.25 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ምልክቱ በቦርድ ላይ በ1 ናኖሰከንድ የሚጓዘው 15 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንዱ መስመር ከሌላው ከረዘመ ምልክቶቹ እኩል አይደርሱም። ስለዚህ መስመሮቹ እኩል እንዲሆኑ ተለክተው ተጠማዘዋል። ይህን ክፍል አላምረው ብሎ መነካካት አይገባም፤ እንዳለ ይወሰዳል።

ሌላም አለ። በዚሁ ቦርድ ላይ የቦርዱ ስም የተጻፈባት ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ አለች። ምንም የምትሠራ አትመስልም። ሲነሳ ግን ዩ-ቡት የተባለው አስነሺ ፕሮግራም መጀመሪያ እሷን አንብቦ በየትኛው ቦርድ ላይ እንዳለ ይለያል። ቺፗን ያወጣ ወይም ባዶዋን ያስገባ፣ ፕሮግራሙንም ያልለወጠ ሰው ቦርዱ አይነሳለትም። ሬዚስተሩን ሁሉ ቢፈትሽ፣ ብየዳውን ቢደግም ጥፋቱን አያገኘውም፤ ጥፋቱ ያለው በተተወው ምክንያት ላይ ነውና። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖኬትቢግል ደግሞ ፕሮሰሰሩን፣ ማህደረ ትውስታውንና የኃይል መቆጣጠሪያውን በአንድ ጥቅል ውስጥ የያዘ ክፍል ስለሚጠቀም፣ እነዚያ አስቸጋሪ መስመሮች በጥቅሉ ውስጥ ተሠርተው ይመጣሉ። የራሱን ትልቅ ቦርድ ለመሥራት ለሚነሳ ሰው ከዚያ ቢጀምር ይቀለዋል።

6. ማጠቃለያ

እኛ ነገ ክፍል ውስጥ የምንቆም ሰዎች ነን። ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይቺ ለምንድን ነች?» ሲል «ሥዕሉ ላይ ስላለች» ብሎ መመለስ መልስ አይደለም። ከላይ ያየነው ደወል ኦምን፣ ኃይልን፣ መቶኛንና የ2 ርቢን በአንድ ላይ የሚያስተምር የመርጃ መሣሪያ ነው፤ ሲበላሽም ንድፉ በእጃችን ስላለ እንጠግነዋለን። ሠርተን ስንጨርስ ደግሞ ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የወሰንንበትን ምክንያት ጽፈን አብረን እንልቀቅ። ሬዞኔተሩ ለምን በቂ አልሆነም? መቆጣጠሪያው ለምን ወጣ? ይህን የጻፍን እንደሆነ ከኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ከዜሮ አይጀምርም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1) ኤቲሜጋ328ፒ በውስጡ ያለው 8 ሜጋኸርዝ ምት ከፋብሪካ ሲወጣ ስህተቱ እስከ 10 በመቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስንት ደቂቃ ሊሳሳት ይችላል?
2) ደወሉን በ5 ቮልት ቻርጀር ፈንታ በ9 ቮልት አዳፕተር በቮልት መቆጣጠሪያ በኩል ብናሠራውና 120 ሚሊአምፔር ቢወስድ፣ ስንት ዋት ሙቀት ይባክናል?
3) የጥቅልል ተቃውሞው 250 ኦም የሆነ የ5 ቮልት ሪሌይ ብናገኝ ትራንዚስተሩን ማውጣት እንችላለን? ዳዮዱንስ? ምክንያት ስጡ።
4) የዩኤስቢውን ቺፕ አውጥተን የፕሮግራም ማስገቢያ መሰኪያውንም ብንረሳ ምን ችግር ይገጥመናል?

መልስ ያለው ባልደረባ ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ይለጥፍ። መልሱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይጻፍ።